ጠብቆ ሲነበብ

ሐር «ጨው» ማለት እስክትችል ድረስ እነሱ ቤት ጨው የገባበት ምግብ አልተበላም። ደንቡን ያወጡት አማቷ ናቸው። «እማማ፣ ቸው ያከብሉኝ» ስትላቸው የጨው ዕቃውን ወደ ራሳቸው ሳብ ያደርጉና፣ «ቸው የሚባል ነገር በቤቴ የለም፤ ጎረቤት ጠይቂ» ይሏታል። ጨካኝ ሴት ስለሆኑ አይደለም፤ እሳቸውም አብረዋት ያለ ጨው ይበሉ ነበር። መጀመሪያ ላይ ተሳሳቁ። ቆየት ብለው ተኮራረፉ። ከዚያ ነገሩ እልህ ሆነና አንዷ የሌላዋን ፊት እያየች፣ ማን ቀድሞ እንደሚሰለቸው ይጠባበቁ ጀመር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሐር አንገቷን ወደ ግራ አዞረች፤ ሁለት ጣቶቿን ከጉሮሮዋ ጎን ተከለችና «ጨው» አለች። እንደ ደረቅ ጭራሮ ቋ ብሎ የወጣ፣ ምንም ያልጎደለው ጨው ነበር። አማቷ ሹካቸውን አስቀምጠው ዕቃውን ገፉላት። ሐር ምግቡን ረስታ ጨዉን መዳፏ ላይ ነሰነሰችና ላሰችው።

«ኧረ ቀስ፣ ልጄ፤ ለነገም ይተርፋል» አሉ አማቷ። እሳቸውም ግን መዳፋቸውን ዘርግተው ነበር።

ሐር እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። በድምጿ የተነሣ እንዲህ ያሏት የሬዲዮ አድማጮች ናቸው። ለብዙ ዓመታት ቅዳሜ ከሰዓት ልብ ወለድ ታነብላቸው ነበር። እሷ ስታነብ ሹፌሮች ደጃቸው ደርሰው ከመኪና አይወርዱም፤ ፀጉር ቤቶች ማድረቂያቸውን ያጠፋሉ፤ የተጣሉ ባልና ሚስት እንኳ ምዕራፉ እስኪያልቅ ጠባቸውን በይደር ያቆዩታል ይባል ነበር። ከዚያ እንቅርቷ አበጠና ቀዶ ጥገና ተደረገላት። እብጠቱ በሰላም ወጣ። ነገር ግን በሥሩ የሚያልፈው ቀጭን ነርቭ ተነካ፤ ይህም ሊሆን እንደሚችል ሐኪሞቹ አስቀድመው ነግረዋት ነበር። ከሁለቱ የድምፅ አውታሮቿ የግራው፣ ማጠፊያው እንደ ወለቀ በር ገርበብ ብሎ ቀረ።

ድምጿ ጭርሱን አልጠፋም። መጀመሪያ ሹክሹክታው ተመለሰ፤ ቀጥሎ ጎርነን ያለ፣ ትንፋሽ የበዛበት፣ ድምፅ የሚመስል ነገር መጣ። አልመለስ ያሉት አምስት ፊደላት ናቸው፦ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ እና ቀ። እነዚህ ፊደላት እንዲፈነዱ ጉሮሮ ለቅጽበት ጥርቅም ብሎ መዘጋት አለበት፤ የእሷ በር ደግሞ አይዘጋም። ጠዋት «ተዋት» ሆነ። ቁልፍ «ኩልፍ» ሆነ። ምን ሆነሽ ነው ለሚሏት ሰዎች «ከዶ ትገና» ብላ ትመልስና ሳቃቸውን ሲውጡ እያየች ቀድማቸው ትስቃለች። የደረሰባትን ነገር እንኳ በስሙ መጥራት አልቻለችም።

ሥነ ጽሑፍ ያጠናች ሴት ስለሆነች ሌላም ነገር ታዘበች። ጽናት፣ ጥንካሬ፣ ቆራጥነት፤ ቋንቋው ለዚህ ጠባይ ያወጣቸው ስሞች ሁሉ በእነዚያ ፊደላት የታጠሩ ናቸው። ለእሷ የተረፈችላት «ብርታት» ብቻ ነበረች። ጠያቂዎቿ «በርቺ» ሲሏት «እበረታለሁ» ትላለች፤ ይህችን አንዲት ቃል ማን አስቦ እንደ ተወላት እየተገረመች።

የንግግር ሐኪሟ አንድ ዘዴ አሳየቻት። አንገትን ወደ ደከመው ጎን አዙሮ ጉሮሮን ከጎን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ሁለቱ አውታሮች ይቀራረባሉ፤ በሩ ለአፍታ ይዘጋል። ዘዴውን ማሳየት የሐኪሟ ሥራ ነበር፤ በቀን በቀን ማስጠናት የአማቷ ሆነ። ከጨው ወደ ቁልፍ፣ ከቁልፍ ወደ ጠርሙስ፣ ከጠርሙስ ወደ ጥርስ ብሩሽ አለፉ። የቤቱ ዕቃ ሁሉ ስሙ በትክክል ካልተጠራ ከቦታው የማይነሣ ሆነ። ጰን ግን አማቷ ምሕረት አደረጉላት። «እሷን ተያት፤ በዓመት አንዴ ብቅ የምትል እንግዳ ናት» አሉ።

አንድ ቃል ግን ሁለቱም አልነኩም። የሐር ባል፣ የአማቷ አንድ ልጅ፣ ካረፈ ቆይቷል። ስሙ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚገኝ፣ በቀ የሚጀምር ተራ ቃል ነበር፤ ሰው ሁሉ ለሌላ ነገር በየቀኑ የሚለው። ሐር አበላሽታ ከምትጠራው አለመጥራትን መረጠች። አማቷም «በይው» አላሏትም። ወሬያቸው ወደዚያ ሲያዘነብል ወለል ላይ የተኛን ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ሁለቱም ዙሪያውን ይሄዱ ነበር።

ሕመሙ የያዛት አንድ ልብ ወለድ አጋምሳ ሳለ ነው። ታሪኩ ቤቷን ሊቀሟት የተነሡ ሰዎችን ፍርድ ቤት የገተረች የአንዲት ልብስ ሰፊ ታሪክ ነው። ሰፊዋ ሦስት ጊዜ ተፈርዶባታል፤ ሦስት ጊዜ ይግባኝ ብላለች። ሐር ሆስፒታል ስትተኛ ንባቡን የተረከበው የጣቢያው የስፖርት አንባቢ ነበር። ባልደረቦቹ «ነጎድጓድ» ይሉታል። ነጎድጓድ ልበ ቀና ሰው ነው፤ ጉሮሮውን ለማለስለስ ከረሜላ ከአፉ አይለይም፤ ችግሩ ሰፊዋ መርፌ ስታነሣ እሱ አፍ ውስጥ ጎል የገባ ይመስላል።

መጽሐፉ ሊያልቅ አንድ ምዕራፍ ሲቀረው ሐር ወደ ፕሮግራም ኃላፊው ቢሮ ገባች። ኃላፊው ሲናገርም ሲያዳምጥም የእጅ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው።

«መዝጊያውን ምዕራፍ እኔ ላንብበው» አለችው።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ንባቡ በቀጥታ ስርጭት እንደሚተላለፍ፣ ብትሰናከል ቆርጦ የሚጥልላት ሰው እንደማይኖር አስረዳት። እሷም እሱን ነው የምፈልገው አለችው። ሰውየው ክፉ አልነበረምና ምዕራፉን ለአርታዒው ሰጥቶ አስቸጋሪዎቹ ፊደላት ያሉባቸውን ቃላት ሁሉ አስለወጠላት። «ጸንታ ቆመች» የነበረው «በርትታ ተነሣች» ሆነ፤ «ቆርጣለች» የነበረው «ወስናለች» ሆነ። ሐር ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ አዲሱን ቅጂ አነበበችው። ታሪኩ ያው ነበር። ሴትዮዋ ግን ሌላ ሰው ሆናለች፤ ለስላሳ፣ እሺ ባይ፣ ዳኛው ፊት ስትቀርብ ስለ መምጣቷ ይቅርታ የምትጠይቅ የምትመስል። በሦስተኛው ገጽ ግርጌ፣ ያ በቀ የሚጀምረው ቃል በነበረበት ቦታም ሌላ ቃል ገብቷል። ሐር እዚያ ላይ ስትደርስ ገጹን ገለጠችው።

ወደ ቢሮው ተመለሰችና ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ይህቺ ማን ናት?»

«ሰፊዋ ናታ» አለ ኃላፊው።

«አይደለችም። የኔዋን መልሱልኝ።»

በመጨረሻ በዚህ ተስማሙ። ሐር መጽሐፉን እንደ ተጻፈ ታነባለች። ነጎድጓድ ከኋላዋ በሁለተኛው ማይክ ይቀመጣል። ድምጿ ከከዳት ኃላፊው ከመስታወቱ ማዶ እጁን ያነሣል፤ ነጎድጓድ ካቆመችበት ይቀጥላል፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮም የቅዳሜው ወንበር የእሱ ይሆናል። ሐር ይህን ስትሰማ ፈራች። ደስም አላት። ከታመመች ወዲህ ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ይላት ነበር እንጂ ከእሷ ምንም ነገር የሚጠብቅ አልነበረም።

ወሬው በጣቢያው ሲሰማ ሌላ ክርክር ተነሣ። የመጽሐፉ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «የፈለጉትን ይፍረዱ፤ እሷ አትረታም።» በዐይን ለሚያነብ ሰው ምንም ችግር የለበትም፤ ዐይቶ ያልፈዋል። ጮክ ብሎ ለሚያነብ ግን ወጥመድ ነው። «አትረታም» ላልቶ ሲነበብ አታሸንፍም ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ አትሸነፍም ማለት ነው። ፊደሉ ያው ነው፤ ሁሉ ነገር ያለው አንባቢው አፍ ውስጥ ነው። ደራሲዋን እንዳይጠይቋት መጽሐፉ ታትሞ ሳታየው አርፋለች።

ከስቱዲዮው ጀርባ ባለችው የሻይ ክፍል ውስጥ ነጎድጓድ ከረሜላውን እያንከባለለ ፍርዱን ሰጠ።

«ላልቶ ነው የሚነበበው። ሦስቴ ተፈርዶባታል፤ ጠበቃዋ እንኳ ሸሽቷታል። በየትኛው ዓለም ነው የምታሸንፈው?»

«እሷ መች አሸንፋለሁ አለች፣ ጋሼ?» አለች ሐር።

«ታዲያ ምን አለች?»

«አልሸነፍም ነው ያለችው።»

«ያው ነው እኮ።»

«አንተ ስፖርት ስለምታነብ ነው ያው የሚመስልህ።»

የድምፅ ቴክኒሻኑ ሻዩ ትን አለው። ይህ ሰው ቀጭን አንገቱ ላይ ሰፊ ራስ ስላለው «ብሎን» ይባላል። ነጎድጓድ ግን አልተቀየመም። በደረሰበት ዕድሜ ብዙ ሰው ሲሞግትና ሲወድቅ ማየቱን፣ መጽሐፍ ሰውን ማባበል እንደሌለበት፣ ማይኩ ለእሱ ከደረሰ አላልቶ እንደሚያነበው በግልጽ ነገራት። ሐር ሰማችው። ክርክሩ ከእንግዲህ በሻይ ክፍል የሚያልቅ አልነበረም። የሚያልቀው እዚያች ቃል ላይ ቀድሞ በደረሰ ሰው አፍ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። አማቷ ከቤት ስትወጣ በር ድረስ ሸኟት። ምክር አልሰጧትም። የአንገት ልብሷን አስተካከሉላትና፣ «እኔ ሬዲዮኑን ማዕድ ቤት ነው የማስቀምጠው፤ ጨው አጠገብ» ብቻ አሏት።

ብሎን የንባብ ክፍሉን ገልብጦ ጠበቃት። አንገቷን ስታዞር ድምጿ ከማይኩ እንዳይሸሽ ማይኩን ወደ ግራዋ ወስዶታል። የመጽሐፉን ገጾች ፈትቶ፣ ሲገለጡ እንዳይንኮሻኮሹ በስስ ጨርቅ ላይ ደርድሮላታል። የነጎድጓድን ወንበር ደግሞ እያየችው እንዳትረበሽ ከቀኝ ትከሻዋ ኋላ አድርጎታል።

«ይህ ማይክ ከዛሬ ጀምሮ ጎረቤትሽ ነው» አላት። «ዞር ብለሽ የሰው ሐሜት እንደምትነግሪው አድርገሽ አንብቢለት።»

ማዳመጫውን ራሷ ላይ አደረገች። የመግቢያው ሙዚቃ ተሰማ፤ ቀነሰ፤ ጠፋ። ከመስታወቱ በላይ ያለው ቀይ መብራት በራ።

ሐር የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አነበበች፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን። ድምጿ ሐር አልነበረም። ያደረ ሻካራ ሸማ ነበር፤ ግን ሰው ሊለብሰው የሚችል ሸማ። በየቃሉ አንገቷ እንደ ወፍ ወደ ግራ ይዞራል፤ ሁለቱ ጣቶቿ ከጉሮሮዋ ጎን እንደ ዋሽንት ነፊ ጣቶች ይነሣሉ፣ ያርፋሉ። ጠ መጣችና አለፈች። ቀ መጣችና አለፈች። «ጸንታ ቆመች» የሚለው ሲመጣ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ፈነዳቻቸውና ደሟ ሞቀ፤ ገደል እንደ ዘለለች ፍየል ራሷን መነቅነቅ አማራት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ሰፊዋ ፍርድ ቤት ልትሄድ ስትል መርፌዋን ታጣለች። ሐር ፍጥነቱ ጣማትና አንገቷን ሳታዞር አለፈችው።

«መርፌዋ ተፋች» አለች።

ከመስታወቱ ማዶ ብሎን ጠረጴዛው ሥር ገባ። ከኋላዋ የነጎድጓድ ከረሜላ ጥርሱን ሲመታ ተሰማት። ኃላፊው ከሰዓቱ ላይ ቀና አለ። ቀደም ባለው ጊዜ ቢሆን ሐር እዚያው በአፍረት ትሟሟ ነበር። አሁን ግን የገረማት መርፌዋ ናት፤ አንዲት መርፌ ግድግዳ ተደግፋ እንትፍ ስትል ታያትና ሳቋ አመለጣት። ሳቁ አየር ላይ ወጣ። ከዚያ አንገቷን አዞረች፤ ጣቶቿን ተከለች።

«መርፌዋ ጠፋች።»

ጠ በኃይል ፈንድታ ስለወጣች የድምፅ መለኪያው መርፌ ዘሎ ዳር ነካ። ብሎን ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ አውራ ጣቱን አሳያት። በጣቢያው መግቢያ ያለው ስልክ መጮኽ ጀመረ፤ ማንም አላነሣውም።

ሦስተኛው ገጽ። የባሏ ስም የሆነው ቃል የት እንዳለ ታውቃለች። ቤት ውስጥ ስትለማመድ እሱ ያለበትን መስመር ሁልጊዜ በዐይኗ ብቻ ነበር የምታልፈው። ሰፊዋ ለዳኛው በምትመልሰው መልስ መሐል ነው የተቀመጠው፤ ምንም ልዩ ነገር የለውም፤ ደራሲዋም ሳታስብበት ነው የጻፈችው። መስመሩ ቀረበ። ሐር አንገቷን አዞረች። ጣቶቿን ተከለች። በሩን ዘጋችው።

ቃሉ ወጣ። ንጹሕ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ቃል አነበበች፤ ከዚያም የሚከተለውን፤ ስርጭቱ ቀጥታ ነበርና።

ድምጿ የከዳት እዚያ አልነበረም። የከዳት በኋላ ነው፤ መንገዱ ሜዳ ሆኖ፣ ኃላፊው እንኳ ወንበሩን ተደግፎ ሳለ። የመጨረሻው ገጽ አጋማሽ ላይ ሰፊዋ በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ተቀምጣ የደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋች ትጠብቃለች። «በሩ ተከፈተ፤ ስሟም ተ...» ብላ ሐር ቆመች። አፏ ተንቀሳቅሷል፤ ከአፏ ግን አየር ብቻ ወጣ። ጣቶቿን ገፋ አደረገች። አየር። ጠንከር አድርጋ ገፋች። አየር።

ኃላፊው እጁን አነሣ።

ሐር እጁን አየችው። ከኋላዋ የነጎድጓድ ወንበር ሲንሸራተት፣ ጣቱ የማይኩን ቁልፍ ሲዳብስ ሰማች። በዚያች ቅጽበት በግልጽ የታያት ወንበሩ አልነበረም። ሰፊዋ ናት የታየቻት፤ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥታ፣ ያን ሁሉ በር አንኳኩታ፣ በሌላ ሰው አፍ ላልታ ልታልቅ ነው። ሐር ዞር ሳትል ቀኝ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ መዳፏን ለነጎድጓድ አሳየችው። ቆይ የሚል መዳፍ።

ነጎድጓድ ማይኩን ለመክፈት መጀመሪያ ከረሜላውን ወደ ጉንጩ መግፋት ነበረበት። ገፋውም። ግን መዳፏን እያየ ቁልፉን አልተጫነውም።

ሐር ወደ ጎረቤቷ፣ ወደ ማይኩ፣ ከንፈሯ ሊነካው እስኪደርስ ተጠጋች። ሹክሹክታ ድምፅ አይፈልግም። ሐሜትም የሚነገረው በሹክሹክታ ነው።

ጣቶቿን ከጉሮሮዋ ሳታነሣ፣ «በሩ ተከፈተ፤ ስሟም ተጠራ» አለች።

ብሎን ገባው። መቆጣጠሪያውን በሁለት ጣቱ ቀስ እያደረገ ወደ ላይ ገፋላት፤ ሹክሹክታው ክፍሉን ሞላ፤ መኪኖቹን፣ ፀጉር ቤቶቹን፣ የጨው ዕቃ ያለበትን ማዕድ ቤት ሞላ። የኃላፊው እጅ አየር ላይ እንደ ተሰቀለ ነው፤ ለመመለስ እንደሚለምን ተማሪ።

«ተነሣች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።»

በጠሰች፣ ክሩም ሲበጠስ ተሰማ።

«የፈለጉትን ይፍረዱ፤ እሷ...»

አንዲት ቃል ቀረች። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ማላላት ቀላል ነው፤ ምላስ ነካ አድርጎ ያልፋል፤ ሰውነቷ ሁሉ እሱን ለመናት። ማጥበቅ ፊደሉ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው። ሐር ምላሷን ከጥርሷ ሥር ተከለችና አየሩን አገተችው። በዚያች ቅጽበት ከአፏ የወጣ ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ይህን ሁሉ ዓመት ስታነብ ልብ ያላለችው ነገር። የጠበቀ ፊደል የሚሰማው ድምፁ በርትቶ አይደለም። መሐሉ ላይ ዝም ስለሚል ነው። ለዝምታ ደግሞ ጉሮሮ አያስፈልግም፤ ዝምታ እሷ ዘንድ ብዙ ነበረ።

ረን አጠበቀች። ታን ከሚገባው በላይ ይዛ፣ የሚሰማው ሰው ሁሉ ትንፋሹን እስኪይዝ ድረስ አጠበቀችና ለቀቀችው።

«አትረታም።»

ቀይ መብራቱ ጠፋ።

ስልኩ እንደ ገና ጮኸ፤ የሌላኛው ቢሮ ስልክም ተከተለው፤ ብሎን በሩን በርግዶ ገባና የሚለው ጠፍቶት ማዳመጫውን ከራሷ ላይ አውርዶ በራሱ ላይ አደረገው፤ የቀረ ነገር ካለ ለመስማት ይመስል። ነጎድጓድ በመስታወቱ በኩል ወደ ኃላፊው ተጣራ።

«እጅዎን ያውርዱ እንጂ፤ ልጅቷ ጨርሳለች።»

ኃላፊው እጁን እንደ ሰው ዕቃ አየውና አወረደው። ነጎድጓድ ከተቀመጠበት ተነሥቶ አጠገቧ መጣ። ከከረሜላዎቹ አንዱን ከኪሱ አውጥቶ ልጦ ሰጣት።

«ጠበቀች» አላት። «እኔ አሁንም ትንሽ ጥርጣሬ አለኝ። ግን ጠበቀች።» በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «ወደ ስፖርቴ ልመለስ፤ እዚያ እንኳ ማን እንደረታና ማን እንደተረታ ፊደሉ ራሱ ይለየዋል።»

ኃላፊው ገብቶ ሰዓቱን አየ። ስርጭቱ ከዜናው በፊት በልኩ ማለቁን ነገራት፤ ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የቅዳሜው ወንበር የእሷው ስለሆነ ስለ እሱ እንዳታስብ አላት። ለሚቀጥለው መጽሐፍ ግን ቀ የማይበዛበትን አንድ ብትፈልግ ለሁሉም ሳይሻል እንደማይቀር አከለ።

«የሚበዛበትን ነው የምፈልገው» አለች ሐር በሹክሹክታ። ኃላፊው ተጠግቶ መስማት ነበረበት። ሲሰማም ሰዓቱን ሳያይ ሳቀ።

ወደ ቤት የሄደችው በእግሯ ነው፤ ከረሜላው አፏ ውስጥ እስኪያልቅ። በመንገዱ ላይ ሐር እሷ መሆኗን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ ሱቅ በር ላይ ሁለት ሴቶች ቆመው ይሟገታሉ። አንደኛዋ ሰፊዋ አትሸነፍም አለች፤ ሌላኛዋ በሹክሹክታ የተነገረ ነገር እንዴት ይታመናል አለች። ሐር ጣልቃ ሳትገባ አለፈቻቸው፤ እርምጃዋ ግን መሮጥ መሮጥ ይለው ነበር።

አማቷ ማዕድ ቤት ናቸው። ሬዲዮኑ ዜና ላይ ነው፤ ድምፁን ቀንሰውታል። ማዕዱን አቅርበው፣ ሳትጠይቃቸው የጨው ዕቃውን ከፊቷ አኑረውላታል። ሐር ተቀመጠች። ስለ መርፌዋ እያነሡ ሳቁ፤ አማቷ «መርፌ ስትተፋ በዕድሜዬ ሰማሁ፤ ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ» አሉ። ስለ ነጎድጓድ ከረሜላ፣ ስለ ኃላፊው እጅ ጠየቋት፤ በሹክሹክታ ነገረቻቸው። ከዚያ አማቷ ሬዲዮኑን አጠፉት።

«ሰማሁት» አሉ።

ሐር ምኑን ብላ አልጠየቀችም። አማቷ እጃቸውን በልብሳቸው ጠራረጉ፤ ያልነበረ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ አነሡ።

«እስቲ ደግመሽ በይው።»

ሐር ማንኪያዋን አስቀመጠች። አንገቷን ወደ ግራ አዞረች።